ማሽን ወይስ ብረት? መጀመሪያ ቤቱን ለኩ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጥያቄ ቤት ውስጥ ጡንቻን ለማሠራት ማሽን ይቅደም ወይስ ብረት፣ ማለትም በእጅ የሚነሳ ልቅ ክብደት፣ የሚል ነው። መልሱን ከፊት ላስቀምጠውና የቀረውን ጊዜ ምክንያቱን ስንፈታ እናምሽ። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶም ይሁን ኮንዶሚኒየም ደርሶት የሚኖር ጤነኛ ጎልማሳ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ዲስኩ የሚቀያየር ጥንድ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሳ አጭር ብረት) እና የማይነቃነቅ አግዳሚ ነው። ማሽን የሚቀድምላቸው ሰዎች አሉ፤ ወደኋላ ላይ እንመጣባቸዋለን። ለሌላው ሁሉ ብረት ይቀድማል። ምክንያቱ ግን ጂም ቤት ውስጥ የሚወራው “ብረት ጡንቻ ያወጣል፣ ማሽን አያወጣም” የሚለው አይደለም።

ያ ወሬ ትክክል አይደለም። ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በጡንቻ መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት የታየው ጉልበት ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው በተለማመደበት መሣሪያ ሲፈተን ይበረታል ማለት ብቻ ነው። በማሽን ደረቱን የሠራ በማሽን ሲለካ ይልቃል፣ በባርቤል፣ በሁለት እጅ በሚነሳው ረጅም ብረት፣ የሠራ በባርቤል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን አንጠልጥሎ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ጉልበቱን የሚፈልገው ለልቅ ዕቃ ስለሆነ ዳምቤል ይቀርበዋል። ያም ሆኖ በማሽን የሠራ ሰው ጊዜውን በከንቱ አላጠፋም።

ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ክብደት እያነሱ እንዲያገግሙ ያደርግ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፦ ታካሚው ደጋግሞ ማንሳት የሚችለውን ክብደት ፈልጎ ማግኘት፣ ጉልበቱ ሲጨምር ክብደቱንም መጨመር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽን ተፈልስፏል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የትኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል እንዳነሳሁ ይነግረኛል? ቀጥሎ የምጨምረው ትንሽ ነው? ቤት ስቀይር አብሮኝ ይሄዳል?

የመጀመሪያውን እንያዝ፤ ማሽን ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ለቤት የሚሸጠው የተለመደው ማሽን የተደራረቡ ጠፍጣፋ ክብደቶች፣ እነሱን የሚሰቅል በፕላስቲክ የተሸፈነ የብረት ገመድ፣ ገመዱ የሚዞርባቸው ብዙ ፑሌጃዎች እና ክብደት የሚመረጥበት ፒን አለው። ጠፍጣፋው ላይ “20” ቢል እጃችሁ ላይ 20 ኪሎ ይመጣል ማለት አይደለም። ገመዱ ከክብደቱ ጋር አብሮ በሚወጣና በሚወርድ ፑሌጃ ውስጥ ካለፈ ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለት ገመዶች ናቸው፤ እጃችሁ የሚያገኘው ግማሹን፣ 10 ኪሎውን ነው። በምትኩ ክብደቱ 50 ሴንቲ ሜትር እንዲነሳ እናንተ አንድ ሜትር ትስባላችሁ። በአንድ ማሽን ላይ ሳይቀር ከላይ የሚሳበው እጀታ ሙሉውን፣ ከታች የሚሳበው ግማሹን ሊሰጥ ይችላል። “እኔ እኮ 80 ኪሎ እስባለሁ” የሚል ጎረቤት ካላችሁ አትከራከሩት፤ መጀመሪያ ፑሌጃውን ቁጠሩ።

ከዚያ ሰበቃ አለ። ገመዱ በየፑሌጃው ሲያልፍ ይታሻል፤ ጠፍጣፋዎቹም በሚንሸራተቱበት ዘንግ ላይ እንዲሁ። ሰበቃ ሁልጊዜ እንቅስቃሴን ይቃወማል። ስታነሱ ክብደቱ ላይ ይደመራል፣ ስታወርዱ ይቀነሳል። ጡንቻ ደግሞ ከማውረዱ የሚያገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ይህን በገዛ እጃችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሻንጣ የሚመዘንበትን መንጠቆ ያለው ዲጂታል ሚዛን እጀታው ላይ አንጠልጥሉና በቀስታ ሳቡ፤ ቁጥሩን አንብቡ። በዚያው ፍጥነት ስትመልሱ ደግማችሁ አንብቡ። ስትስቡ 23፣ ስትመልሱ 17 ካለ እውነተኛው ጫና 20 ኪሎ፣ ሰበቃው በየአቅጣጫው 3 ኪሎ ነው። ሲወጣ 28፣ ሲወርድ 12 የሚል ማሽን ኩሺኔታው ያለቀ ወይም ዘንጉ የጎበጠ ስለሆነ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙት። ሚዛኑ ከኪስ አይበልጥም፤ ያገለገለ ማሽን ለማየት ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።

የተደራረበ ክብደት የሌላቸውም አሉ። ቦውፍሌክስ ተብሎ የሚታወቀውን በሚጎብጡ ዘንጎች የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶሾ ሽፈራው ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ ላይ ውሎ በዓለም ታወቀ። ይህን የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ አሠራሩን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ዘንግ በጎበጠ ቁጥር ይጠነክራል። ስለዚህ መነሻው ላይ ይቀላል፣ መጨረሻው ላይ ይከብዳል፤ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የምታገኙት ወደ መጨረሻው ስትደርሱ ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ለሚሠራ ሰው ይህ ክፉ አይደለም፣ ከላይ ስንቆም እንጠነክራለንና። ክንዱን ወደ ራሱ ለሚያጥፍ ሰው ግን አይስማማም። ላስቲክ ባንድም ጠባዩ ያው ነው፤ ዋጋው ግን በእጅጉ ያነሰ ነው።

በዘይት ፒስተን የሚሠሩትን ተዉአቸው። ሲገፉ ይቋቋማሉ፣ ሲመለሱ ባዶ ናቸው፤ ማውረድ የሚባለው ግማሽ ሥራ ይቀራል። ፒስተኑ ሲሞቅም ይላላል፣ ውሎ አድሮ ዘይት ያንጠባጥባል። በተዳፋት ሐዲድ ላይ በራስ ክብደት የሚንሸራተቱት ይሻላሉ፤ ሐዲዱ 30 ዲግሪ ሲያዘነብል የምትስቡት የሰውነታችሁንና የመንሸራተቻውን ክብደት ግማሽ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩት ዘመናዊዎቹስ? መብራት ሲጠፋ ስፖርቱም ይጠፋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጭማሪው ነው። የማሽን ጠፍጣፋዎች አብዛኛውን ጊዜ በ5 ኪሎ፣ ወይም በአሜሪካኖቹ 10 ፓውንድ፣ ማለትም በ4.5 ኪሎ ነው የሚያድጉት። ለእግር ይህ ምንም አይደለም። ለትከሻ ግን ከ10 ወደ 15 መዝለል በአንድ ጊዜ ግማሽ መጨመር ነው። ያኔ ሰው ወገቡን እያወዛወዘ ያነሳል፤ መሣሪያው ሳይሆን ዝላዩ ይጎዳዋል።

ዳምቤሉን እንመልከት። ሁለት እጀታ፣ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ገደማ። ዲስክ ደግሞ አራት የ1.25፣ አራት የ2.5፣ አራት የ5 ኪሎ። ዲስኩ በጠቅላላው 35 ኪሎ ነው። አንድ እጀታ ላይ ከየዓይነቱ ጥንድ ጥንድ ስታስገቡ ከ2 ኪሎ ተነስታችሁ 4.5፣ 7፣ 9.5፣ 12፣ 14.5፣ 17 እያላችሁ እስከ 19.5 ኪሎ ትደርሳላችሁ፤ ስምንት እርከን፣ ሁሉም በ2.5 ልዩነት። ለብዙ ጀማሪ ይህ የመጀመሪያውን ዓመት ያስኬዳል። ሲያንሳችሁ አራት ተጨማሪ የ5 ኪሎ ዲስክ ገዝታችሁ 29.5 ትደርሳላችሁ። አስቀድማችሁ ግን የእጀታውን ርዝመት እዩ። በፕላስቲክ የተሸፈነ የሲሚንቶ ዲስክ ከሆነ ብረት ከሲሚንቶ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ የሲሚንቶው ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ 5 ኪሎውን ሁለት ሁለት ስትደረድሩ ማሰሪያው ጥርስ አጥቶ ይቀራል። የሲሚንቶ ዲስክ ርካሽ የሚመስለው እስከዚያ ድረስ ነው።

2.5 ኪሎም ለጎን ትከሻ ብዙ ነው፤ ከ7 ወደ 9.5 ከሲሶ በላይ ጭማሪ ነው። ለዚህ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ አራት ትንንሽ ዲስክ አስቆርጡ፦ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር፣ መሀሉ ላይ 29 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ግማሽ ኪሎ ይመጣል። በየእጀታው ግራና ቀኝ ሲገባ የ1 ኪሎ ጭማሪ ሆነ ማለት ነው።

ቀዳዳ ካልን አይቀር፣ አብዛኛው የገበያ ጠብ ከእሱ ነው። ለቤት የሚሸጠው ባር ጫፉ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የኦሎምፒክ ባር ዲስክ የሚገባበት ጫፉ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ አይጋቡም። የ50 ዲስክ በቀጭኑ ባር ላይ ቢገባም ይንጋደዳል፣ ሲንጋደድ ማሰሪያውን ይበላል፣ ከዚያ እግር ላይ ነው። ሻጭ “ሁሉም አንድ ነው” ቢላችሁ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) አውጡ። ቁጥሩ በኪሎ ይሁን በፓውንድ መሆኑንም አረጋግጡ፤ “45” የተጻፈበት ትልቅ ዲስክ 20.4 ኪሎ እንጂ 45 ኪሎ አይደለም። ርካሽ ዲስኮች ከተጻፈባቸው ሊያንሱ ወይም ሊበልጡ ስለሚችሉ ሚዛን ላይ አውጥታችሁ እውነተኛውን ክብደት በቀለም ጻፉበት፤ ግራና ቀኝ የሚገቡትን ተመሳሳዮቹን አጣምሩ።

የኦሎምፒክ ባር ለወንዶች 20 ኪሎ፣ 2.2 ሜትር ነው፤ የሴቶቹ 15 ኪሎ፣ 2.01 ሜትር። ዲስክ ለማስገባት በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልግ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3.2 ሜትር የሌለው ክፍል ረጅሙን ባር ባያስበው ይሻላል። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አልጋ ካለ ዳምቤል ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃዋል።

ወደ ቤቱ ገባን። በዚህ ከተማ ምርጫውን የሚወስነው ከጡንቻ ይልቅ ግድግዳና ደረጃ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሶሌታው እንዳይደረመስ ነው። ያንን ፍርሃት ቀለል አድርጉት። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል የነዋሪና የዕቃ ጫና ታስቦ ነው። 150 ኪሎ ማሽን ከ80 ኪሎ ሰው ጋር 2.4 ካሬ ላይ ቢያርፍ በካሬ ከ100 ኪሎ በታች ነው። የሚያስፈራው የተቀመጠ ክብደት ሳይሆን የሚወድቅ ክብደት ነው። 20 ኪሎ ከአንድ ሜትር ከፍታ ወድቆ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ወለሉን የሚመታበት ኃይል በአማካይ የ2,000 ኪሎ ያህል ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያምቅ ጎማ ከሥሩ ካለ ወደ 1,000 ይወርዳል። ሴራሚክ ከሥሩ ባዶ ሆኖ የተለጠፈበት ቦታ ደግሞ በዚህም ይሰነጠቃል፤ በሳንቲም ስታንኳኩት ድምፁ ይለያል፣ ያ ቦታ ላይ አታስቀምጡ። መፍትሔው ሁለት ንብርብር ነው፦ ከሥር 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ከላዩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ጎማ። መርካቶ ጎማ ተራ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ታገኛላችሁ፤ ሽታው እንዲወጣለት አጥባችሁ ጥቂት ቀን ውጭ አስጡት። ከታች ላለው ጎረቤት ግን ጎማም ቢሆን ዋስትና አይሆንም፤ ብረት አይጣልም፣ ይቀመጣል።

ግድግዳው የባሰ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸር በዚያ ቀጭን ልጣጭ ላይ ሥዕል ይሰቅላል፤ ሰው አይሰቅልም። ግድግዳ ላይ የሚታሰር የገመድ ማሽንም ሆነ ፑል አፕ የሚሠራበት (ተንጠልጥለው ራስን ወደ ላይ የሚስቡበት) ብረት የሚታሰረው ኮለን ወይም ቢም ላይ ብቻ ነው፣ በ12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቡሎን። ኮለኑን ለማግኘት የግድግዳውን ማዕዘን አንኳኩ፤ ስትበሱ ነጭ ብናኝ ወጥቶ መሰርሰሪያው ድንገት ጭልጥ ብሎ ከገባ ብሎኬት ውስጥ ናችሁ፣ አቁሙ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩ ግድግዳውን መብሳታችሁን እንዴት እንደሚያየው ታውቃላችሁ።

ቁመትም አለ። ላት ፑል ዳውን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚሳብ እጀታ፣ ያለው ማሽን ከሁለት ሜትር በላይ ይቆማል፤ ለመገጣጠምም ከላዩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈልጋል። ቆማችሁ ብረት ከራስ በላይ የምትገፉ ከሆነ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዛችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና ከእንጨቱ በላይ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ለኩ፤ ትልቁ ዲስክ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ግማሹ፣ 22.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከባሩ በላይ ይወጣል። ያንን ያህል ካልቀረ ተቀምጣችሁ ግፉ።

ከሁሉም በላይ ደረጃው። የማሽኑ ጠፍጣፋዎች አንድ በአንድ ስለሚፈቱ አራተኛ ፎቅ መውጣት ይችላሉ። ሁለት ሜትር የሚሆነው ምሰሶ ግን ደረጃው መታጠፊያ ላይ አይዞርም፤ ስንቱ ማሽን አንደኛ ፎቅ ደርሶ ተመልሷል። ተከራይ ቤት ሲቀይር ደግሞ ሁሉም ይፈታል። ሲፈታ ሁለት ቡሎንና ሦስት ሮንዴላ ይጠፋሉ፣ ገመዱ በስህተት ይታለፋል፣ ከዚያ ማሽኑ አዲሱ ቤት ውስጥ ልብስ ማስጫ ይሆናል። ፈቺው ከመጀመሩ በፊት የገመዱን መንገድ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹን በየመገጣጠሚያቸው በተለያየ ላስቲክ ከረጢት አስገቡ። ዳምቤል በታክሲ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የሄደበትን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ዲስክ የሚሰበር ነገር ስለሌለው ቢያንስ በኪሎ ተመዝኖ መልሶ ይሸጣል። የማሽን ገመድ ሲበጠስ ግን ያንኑ ርዝመትና ያንኑ ጫፍ ያለው ገመድ ማግኘት አለባችሁ።

ገመዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሀሉ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ፣ ከእጀታው ጋር የሚያያዝበት ብረት አጠገብ ነው። እዚያ ጋ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ካያችሁ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች መበጠስ ጀምረዋል ማለት ነው። በጨርቅ ይዛችሁ ርዝመቱን ሁሉ አሹት፤ በባዶ እጅ አይሆንም፣ የተበጠሰ ሽቦ እንደ መርፌ ይገባል። እዚህ የሚደረገው የተለመደ ጥገና የግንባታ የብረት ገመድ በሞርሴቶ (በቡሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ) ማሰር ነው። ሞርሴቶው በፑሌጃው አያልፍም፤ ያልተሸፈነው ገመድ ደግሞ የፕላስቲኩን ፑሌጃ እንደ መጋዝ ይሞርደዋል። የሞተር ብስክሌት ፍሬን ገመድማ ጭራሽ አይታሰብም። የጠፋውን ፒን በሚስማር ወይም በካቻቢቴ የሚተኩም አሉ፤ ሚስማር ይጎብጣል፣ ሾልኮ ይወጣል፣ ክብደቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ዘንጎቹን ደግሞ ግራሶ አትቀቡ። የአዲስ አበባ አቧራ ግራሶ ላይ ተጣብቆ የአሸዋ ወረቀት ይሆናል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ሲሊኮን መርጨት ይበቃል።

ልጅ ያለበት ቤት ማሽን ካለ የክብደቱ መደርደሪያ በጎንና በፊት በላሜራ ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈን፣ ፒኑ ተነቅሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። አንዱ እጀታውን ሲስብ ሌላው ጣቱን ጠፍጣፋዎቹ መሀል ያስገባል፤ ለመቆጣጠር ጊዜ አይሰጥም።

ብረትም ኃጢአት የለበትም አልልም። ብቻውን በባርቤል ደረቱን የሚሠራ ሰው ከባሩ ሥር ሊቀር ይችላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ በዳምቤል ሥሩ፣ ካቃታችሁ ግራና ቀኝ ታወርዱታላችሁ። ወይም መሬት ላይ ተኝታችሁ ሥሩ፤ ክርናችሁ ወለሉን ሲነካ ይቆማል። ባርቤል ግድ ከሆነ መከላከያ ክንድ ያለው መቆሚያ ያስፈልጋል፤ ክንዶቹ ደረታችሁን ስትነፉ ከደረታችሁ ትንሽ ዝቅ፣ ከአንገታችሁ ግን ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። በጥርስ የሚታሰረው የዳምቤል ማሰሪያ በየዙሩ ይላላል፤ ዳምቤሉን ከማንሳታችሁ በፊት ሁልጊዜ አንዴ አጥብቁት። ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ከጠፋች ተኩ፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚሸጠው ጎሚኒ ይሆናል። በቁልፍ እየተዞረ ክብደት የሚመርጠው ዘመናዊ ዳምቤል ቦታ ይቆጥባል፤ ሆኖም በ2025 እ.ኤ.አ. ቦውፍሌክስ 552 እና 1090 የተባሉት ዲስካቸው ከእጀታው እየወደቀ ሰው ስለጎዱ በአሜሪካ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ከተጠቃሚ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ያገለገለ ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ ሞዴሉን አረጋግጡ። ክረምት ሲገባ ዲስክ ይዝጋል፤ በስፌት መኪና ዘይት በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ የሚጨበጠውን ግን አትንኩ።

አሁን ማሽን ማን ይግዛ? ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሚዛን ለመጠበቅ የሚቸገሩ ሰዎች አንደኛ ናቸው። ተቀምጦ፣ ተደግፎ፣ አንድ መንገድ ብቻ ባለው እጀታ መግፋት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ከጉልበት ቀዶ ሕክምና የሚያገግምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መጠኑን የወሰነለት ሰው ሁለተኛ ነው። ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ያለው፣ ቤቱን የማይለቅ፣ አራት አምስት የቤተሰብ አባል በየተራ የሚሠራበት ቤት ነው፤ አባት በ40፣ ልጅ በ10 ሲሠሩ ፒን መንቀል ዲስክ ከመፍታት ይፈጥናል። አራተኛው ብረት ሲያይ ልቡ የሚርድ፣ ማሽን ከሌለ ጭራሽ የማይሠራ ሰው ነው፤ እሱን ለማሳመን ከመድከም ማሽኑን መግዛት ይሻላል።

ማሽን ስታስተካክሉ መገጣጠሚያችሁና የማሽኑ ማጠፊያ በአንድ መስመር ይሁኑ። እግር በሚዘረጋበት ማሽን ላይ ጉልበታችሁ ከብረቱ ማጠፊያ ፊት ለፊት ካልሆነ፣ ወደፊት ከወጣ ወይም ወደኋላ ከቀረ፣ ጫናው ቅልጥማችሁ ላይ እየተንሸራተተ ጉልበቱን ይጠመዝዛል። የደረቱ እጀታ በደረት መካከል ቁመት ይሁን እንጂ በትከሻ አይሁን። አጭር ሰው እግሩ ወለል ካልነካ ከሥር ጣውላ ያስገባ፤ ብዙ ማሽን የተነደፈው ለረጃጅሞች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ እንዲያሠሩ ይመክራል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምርላቸዋል። ማሽን ሚዛናችሁን ስለሚይዝላችሁ ይህን ሁለተኛውን አይሸፍንም፤ ወንበር ይዞ በአንድ እግር መቆም ያስፈልጋል።

ለብረቱ ስድስት እንቅስቃሴ ይበቃል፦ ዳምቤል ደረት ላይ አቅፎ ስኳት፣ ወገብ ሳይጎብጥ ከዳሌ ታጥፎ ማንሳት፣ ደረት መግፋት፣ በአንድ ክንድ አግዳሚ ተደግፎ ወደ ጎድን መሳብ፣ ትከሻ መግፋት፣ ከላይ ወደ ታች መሳብ። የመጨረሻውን ዳምቤል አይሰጥም፤ እዚህ ላይ ማሽን ይበልጠዋል። ላስቲክ ባንድ በበሩ አናት በኩል አሳልፋችሁ፣ ከወዲያኛው ወገን ቋጠሮውን አስቀርታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ሳቡ። በሩ ወደ እናንተ የሚከፈት ከሆነ ቆልፉት። ባንዱን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ዘርግታችሁ ስትመለከቱ የተሰነጣጠቀ ካለ ጣሉት፣ ዓይን ነው የሚመታው። በየእንቅስቃሴው ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ሦስቱም ዙር 12 ሲደርስና አንድ ሁለት ጊዜ የሚያስኬድ ጉልበት ሲተርፋችሁ ወደ ቀጣዩ እርከን እለፉ፤ ቁጥሩ ወደ 8 ይወርዳል፣ እንደገና ትወጣላችሁ። ትንፋሽ አይያዝ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው፤ እሱ ሐኪሙን ሳያማክርም አይጀምር።

ከአዳራሹ የተነሱትን ጥያቄዎች ልመልስ።

አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጃቸው ብረት ቢሠራ ቁመቱ ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። አይቀርም፣ እናቴ። በትክክል የሚያሳየው ሰው አጠገቡ ካለና ክብደቱ ቀላል ከሆነ እድገትን እንደሚያስቀር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የልጆች አደጋ የሚመጣው ብቻቸውን ሆነው ከአቅም በላይ ለማንሳት ሲፎካከሩና ብረቱ ሲወድቅባቸው ነው። ስለዚህ ከሱ ጋር አንድ አዋቂ ይሁን፤ ውድድር ይከልከል።

አንድ ወንድማችን የወተት ዱቄት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ በቧንቧ ሁለት ጫፍ ላይ ተክሎ ቢሠራስ ብሏል። ይሠራል። አርማታ በሊትር 2.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ 9.6 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱን ጎን በአንድ ቀን አትሙሉ፤ አንደኛው ደርቆ ሳይጠነክር ከገለበጣችሁት ቧንቧው ይጋደዳል። ቧንቧው ከአርማታው እንዳይሾልክ በሁለቱም ጫፍ አጭር ፌሮ በመስቀል ይበየድበት። ጭማሪ ግን አይቀበልም፣ ያቺው በየጎኑ 9.6 ናት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሻላል፤ በውሃ 20 ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ 32 ኪሎ ገደማ ሲሆን በሊትር ልክ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ። በግማሽ የተሞላ ውሃ ስለሚዋልል አሸዋውን ምረጡ።

የመጨረሻው ጥያቄ በያጅ ጋ ሄዶ መቆሚያም ሆነ ማሽን ስለማሠራት ነው። መቆሚያውን አሠሩ፣ ማሽኑን ተዉት፤ ፑሌጃና ዘንግ በትክክል መስመር ላይ ማስገባት የመስኮት በያጅ ሥራ አይደለም። ለመቆሚያው ባለ 60 በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠይቁ። በያጁ በር የሚሠራበትን ስስ ቱቦላሬ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ጫፉን በካሊፐር ለኩ፣ ቀለም ሳይቀባ እዩት። ብየዳው ዙሪያውን ይሁን፣ ፑንታ (ነጥብ ነጥብ) ብቻ አይሁን። ቀዳዳዎቹ በየ5 ሴንቲ ሜትር፣ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸውን ባሩን ጭናችሁ በውሃ ልክ ፈትኑ። ከመረከባችሁ በፊት ልታነሱ ካሰባችሁት አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን አሸዋ በጆንያ መከላከያ ክንዶቹ ላይ አስጭናችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፤ ካወረዳችሁ በኋላ ክንዱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ወይም ብየዳው አጠገብ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከታየ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ።